ክብርት እትዬ ንፋስአለ

ሙቀት በገባበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ሁሉ መስኮት የሚዘጋ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ያላችሁበት ክፍል ውስጥ ከሌለ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ይደርሳል። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላችሁ የተቀመጠው እሱ ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ሃምሳ ሰው በአንድ አግዳሚ ተጣብቆ ላቡን ሲጠርግ፣ ቀስ ብላ ተነሥታ ያቺኑ አንዲት የአየር ቀዳዳ «ኧረ ይሄ ነገር ይመታናል» ብላ የምትደፍነውም እሷ ናት። በብርድ ጊዜ አታውቋቸውም። በብርድ ጊዜ ሁሉም መስኮት ስለሚዘጋ እንደማንኛውም ሰው መስለው ይኖራሉ። ችሎታቸው የሚወጣው በበጋ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰዎች በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ከሁሉም የሚበልጡት ግን፣ ለዚህ ሙያ ካባ የሚደረብ ቢሆን ኖሮ ቀድመው የሚደርቡት፣ ደርበውም እስከ አንገታቸው የሚቆልፉት፣ እኛ መሥሪያ ቤት ናቸው። ክብርት እትዬ ንፋስአለ። እርግጥ መታወቂያቸው ላይ ሌላ ስም አለ። ነገር ግን ጠዋት በር ከፍተው ሲገቡ «እንደምን አደራችሁ» ከማለታቸው በፊት «ንፋስ አለ!» ስለሚሉ፣ ሌላውን ስም የምናስታውሰው የለንም።

ሥራችን ልብስ ስፌት ነው። አሥራ አራት የስፌት መኪና በሁለት ረድፍ፣ መሃል ላይ የተንጣለለ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የካውያ ጠረጴዛ፣ በላያችን ቆርቆሮ። በበጋ ቆርቆሮው ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ «ጧ፣ ጧ» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሙቀቱም እንደ እኛ ሥራ መግባቱን እናውቃለን። መስኮት ሁለት አለን። አንደኛውን የጨርቅ ጥቅል የተደረደረበት መደርደሪያ ከጋረደው ቆይቷል፤ መስኮት መሆኑን የምናውቀው ከውጭ ስናየው ነው። ሁለተኛው በመቁረጫው ጠረጴዛና በካውያው ጠረጴዛ መካከል ነው። ጦርነቱ ያለው እዚያ ነው። እኔ ኮሌታ እሰፋለሁ፤ ወንበሬ ከመስኮቱ ትይዩ ስለሆነ አንድም ውጊያ አምልጦኝ አያውቅም።

እትዬ ንፋስአለ ቆራጭ ናቸው። ልብስ በብዛት ሲሠራ ጨርቅ አንድ በአንድ አይቆረጥም። አርባና ሃምሳ ድርብ ይነጠፍና ከላይ ፓተርን የምንለው የካርቶን ልክ ይቀመጣል፤ ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይቆረጣል። ሱፍ ከሆነ ችግር የለም። ሱፍ ጨዋ ነው፤ ያስቀመጡት ቦታ ይውላል። ገበር ግን፣ ያ ከጃኬት ውስጥ የሚገባው ስስ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ፣ ሰበብ ፈላጊ ነው። ሰው ሲያስነጥስ ይሸሻል። ከመሃል ያሉት ድርቦች ጣት ያህል ከሸሹ የአንዱ እጅ ከሌላው ያጥራል፤ ማጠሩ የሚታወቀው ደግሞ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው። እትዬ ገና ልጅ እያሉ አንድ ቀን ይኸው ደርሶባቸዋል አሉ። አንድ ሰው በር ከፈተ፣ ንፋስ ገባ፣ ማንም ልብ አላለም፤ ሠላሳ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ ግራ ትከሻቸውን ሰቅለው ሲማሩ ከረሙ።

ከዚያ ወዲህ ንፋስ የገበር ጠላት መሆኑ ቀርቶ የሰው ልጅ ጠላት ሆነ። የእትዬን የአጎት ልጅ አፍ ያጣመመው ንፋስ ነው። የድሮውን ጥበቃ ወገብ የያዘው ንፋስ ነው። የወንድማቸው ሚስት ጥላው የሄደችው፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ባልና ሚስቱ በሩ ትይዩ ስለሚተኙ ነው። «ንፋስ በአንድ ጆሮ ይገባል፤ ሲወጣ ያየው ሰው የለም» ይላሉ፣ ይህን ሲሉም ሻርፓቸውን አንድ ዙር ይጨምራሉ። ሻርፑ የሚደረበው በሹራብ ላይ ነው። ሹራቡ በሌላ ሹራብ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ውጭ አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ በሚይዝበት ወር ነው።

ባለፈው ዓመት የድርጅቱ ባለቤት አዝነውልን ቬንትሌተር ገዙ። ትልቅ፣ እግር ያለው፣ ራሱን ግራና ቀኝ የሚያዞር። ባለቤቲቱ ከበሩ እንደወጡ እትዬ ተነሥተው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት። «ግድግዳውን ያቀዝቅዘው፤ የሚያሞቀን እሱ አይደል?» አሉ። ቁልፍ የምትተክለው የወንበር ጎረቤቴ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾል ሴት፣ አንድ ቀን ከቤቷ የሙቀት መለኪያ አምጥታ ምሰሶው ላይ ሰቀለች። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ሄዱና አዩት።

«ሠላሳ ስምንት ይላል፣ እትዬ!» አለች ጎረቤቴ፣ እንደረታ ሰው።

«ይሄ ነዋ የሚያሞቃችሁ! ሰው ቁጥር ሲያይ ነው የሚልበው» አሉና አውርደው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ለምን ዝም አላችኋቸው ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ እሳቸው ካልቆረጡ የምንሰፋው የለም። ሁለተኛ፣ እትዬ ንፋስአለ መቀሳቸውን ይዘው ዞር ብለው ያዩት ሰው በውስጡ ትክክል የመሰለው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል።

የማይፈሯቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጋሼ ካውያ። እሳቸው ልብስ ተኳሻችን ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስልሳን የተሻገሩ፣ በእንፋሎት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የቆሙ ሰው። ሁላችንም ሙቀት አለብን ስንል እሳቸው ዘንድ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ፣ ካውያው ከፊት። ባለፈው በጋ እዚያው ቆመው ሳሉ ወደቁ። እትዬ «ክሊኒክ መስኮት ከፍተው ይጨርሱታል» ብለው አብረዋቸው ሄዱ። ሲመለሱ ጋሼ እንደነገሩን፣ እትዬ የክሊኒኩን መስኮት ሦስት ጊዜ ዘጉ፣ ነርሷ ሦስት ጊዜ ከፈተች፤ በመጨረሻ ነርሷ ሁለቱንም እንደ ተማሪ አስቀምጣ ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው። ውሃ ሳይጠማ መጠጣት፣ አየር ማግኘት፣ ማረፍ። ላብ ከቆመ፣ ቆዳ ከደረቀ፣ ንግግር ከተዘባረቀ ግን ሰዓት አይጠበቅም። «በዚህ ዕድሜዎ ሁለተኛ ከወደቁ ላይነሡ ይችላሉ» አለቻቸው።

«ጥፍር የምታህል ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፈችብኝ» አሉ እትዬ ሻርፓቸውን እያጠበቁ። «አንዲት ቃል አልሰማኋትም።»

እኛ ግን ሰምተናል። ከዚያ በኋላ የመስኮቱ ነገር ቀልድ ብቻ አልነበረም። ጋሼን ካውያውን ይተዉ፣ ቁልፍ ይቁጠሩ ብንላቸው «ካውያዬን ለማንም አልሰጥ» አሉ። ስለዚህ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው መስኮቱን ስንዝር ያህል ይከፍታሉ፤ እትዬ ይዘጋሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድዪኝ ነው?»

«መሞት ካማረህ ውጭ ወጥተህ ሙት። እዚህ ገበር አለ።»

«ነርሷ አየር አግኝ ብላኛለች እኮ!»

«ክፍሉ አየር ሞልቶት የለም እንዴ? መጀመሪያ እሱን ጨርስ፤ ከዚያ ሌላ ትጠይቃለህ።»

«የሚቀጥለው ጊዜ ስወድቅ እላይሽ ላይ ነው የምወድቀው።»

«ሞክራት! ይሄን ካርቶን ብትረግጥ ታያለህ።»

ካርቶን ያሉት ዋናውን ፓተርን ነው። የጃኬት ጀርባ ልክ ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከእጃቸው ያልወጣ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ፣ ከእሳቸው በቀር ማንም የማይነካው። መቀሳቸውም እንደዚያው ነው። ጨርቅ እንጂ ሌላ ነገር እንዲቀምስ አይፈቅዱለትም። አንዴ አንዲት አዲስ ልጅ ወረቀት ቆረጠችበት፤ እትዬ ሦስት ቀን አላናገሯትም፤ በአራተኛው ቀን «ምነው ባላናገሯት» እስክንል ድረስ አናገሯት።

ዘንድሮ የሙቀቱ ሳምንት መጣ። የመጣው ደግሞ ጃኬት፣ ያውም ገበር ያለው፣ እየሠራን ሳለን ነው። ትምህርት ቤቶች የብርድ ልብሳቸውን የሚያዝዙት እኛ ልንቀልጥ ስንል ነው። ቆርቆሮው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጮህ ጀመረ። እትዬ አርባ ሁለት ድርብ ገበር አንጥፈው፣ ወንበራቸውን መስኮቱ ላይ ደግፈው፣ እንደ ዘብ ቆሙበት። ጋሼ ጠዋት ሁለት ጊዜ ከፈቱ። ሁለት ጊዜ ተዘጋ። ሁለቱም ጊዜ ጥሩ ጥሩ ስድብ ተለዋወጡ። ከምሳ በኋላ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥታውን ልብ ብዬዋለሁ፤ «እፎይ፣ ዛሬ እንኳ ደክሟቸው ተዉት» ብዬ ኮሌታዬን ቀጠልኩ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

እትዬ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«አንተ ሰውዬ!»

ካውያው «ፍስስ» ይላል።

«ምነው ዛሬ መስኮቱን አልነካህም?»

ጋሼ ካውያ ቀስ ብለው ዞሩ። «የቱን መስኮት?» አሉ።

እኛ ሳቅን። እንደ ቀልድ ቆጠርነው። ቁልፍ ተካይዋ ጎረቤቴማ «ጎሽ፣ እንደሱ ይበሏቸው!» ብላ አጨበጨበች። ያልሳቁት እትዬ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ እሳቸው የሚያዩትን አየሁ። የጋሼ ፊት ቀልቷል፣ ላብ የሚባል ግን ጠብታ የለበትም፤ እንደ ወረቀት ደርቋል። እፊታቸው ያለው አንድ እጅጌ ነው። ያንኑ እጅጌ መልሰው መላልሰው ተኩሰውት ቡናማ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ይከብደኛል፤ ሁሉም ባንዴ ሆነ። ጋሼ ጉልበታቸው ከዳቸው። እትዬ ግን ከመሬት ሳይደርሱ ያዟቸው። ወዲያው በእግራቸው ወንበሩን አሽቀንጥረው ያንን መስኮት በርግደው ከፈቱት። መክፈት እንደሚችሉበት እንኳ አናውቅም ነበር። ንፋስ ገባ። አርባ ሁለቱ ድርብ ገበር እንደ ርግብ መንጋ ብድግ አለና መኪናዎቻችን ላይ፣ ጭንቅላታችን ላይ፣ ወለሉ ላይ ሰፈረ። እትዬ ዘወር ብለው አላዩትም።

«ካውያውን ከሶኬት ንቀይ! አንቺ፣ ባልዲውን ሙይና አምጪ! አንቺ መኪና ጥሪ፣ ሩጪ! ሌሎቻችሁ ዞር በሉለት፣ አትክበቡት!»

መቀሳቸውን አወጡና የጋሼን ሸሚዝ ከነካናቴራው ከታች እስከ አንገት ተረተሩት። ያንን የሚያብለጨልጭ ገበር ከወለሉ እየለቀሙ ባልዲ ውስጥ እየነከሩ አንገታቸው ላይ፣ ብብታቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ያደርጉ ጀመር። አንዷ ልጅ ደንግጣ ውሃ በብርጭቆ አፋቸው ላይ ልታደርግ ስትል እጇን መቱ። «ራሱን ሳያውቅ አይጠጣም! እንዲታነቅ ነው የምትፈልጊው?»

ከዚያ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ዘረጉና ዋናውን ፓተርን አነሡ። ያንን የጃኬት ጀርባ። ተንበርክከው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ያራግቡላቸው ጀመር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ንፋስ ሲያሳድዱ የኖሩት ሴትዮ ላብ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ፣ ሻርፓቸው ባልዲው ውስጥ ተነክሮ፣ በዚያ ካርቶን ንፋስ ሠሩ። በየመሃሉም «አትተኛ! ስደበኝ! ና እስቲ ስደበኝ!» ይላሉ። ካርቶኑ ውሃ ጠጥቶ ከመሃሉ ተሰበረ። በግማሹ ቀጠሉ።

መኪናው ሲደርስ ጋሼ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው አንድ ነገር አጉረመረሙ። ምን እንዳሉ ባንሰማም ስድብ መሆኑን ከድምፁ አወቅን። እትዬ ያን ጊዜ ነው መሬት የተቀመጡት።

ሐኪም ቤት አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ «ቶሎ ያቀዘቀዛቸው ማን ነው? ትንሽ ቢዘገይ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ። እትዬን አሳየሁት። እትዬ አልሰሙትም፤ ኮሪደሩ ላይ ያለውን መስኮት እየዘጉ ነበር።

በማግስቱ የድርጅቱ ባለቤት መጡ። የተቀዳደደውን፣ የራሰውን፣ የተረገጠውን ገበር አዩና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ንፋስ ነው» አሉ እትዬ። «ስንት ዓመት ሙሉ ነገርኳችሁ።»

ጋሼ ካውያ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ሁላችንም እትዬ ተለውጠው እናያለን ብለን ጠብቀን ነበር። ለነገሩ የተለወጠ ነገር አለ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንንሽ ከረጢቶች ሰፍተው አሸዋ ሞሉባቸው፤ ገበሩ እንዳይበር ዙሪያውን ይደረደራሉ። የካውያው ጠረጴዛ ወደ ጥላው በኩል ተገፋ፤ ጆግ ሙሉ ውሃ እላዩ ላይ ተቀመጠ። ቬንትሌተሩ ከግድግዳው ጋር ታርቆ ወደ ሰው ዞረ። መስኮቱም በሰፊው ተከፈተ። እትዬ ሦስተኛ ሹራብ ጨመሩ።

ግን ብዙም ሳይቆዩ ያው አመላቸው ተመለሰ። ድንገት ተነሥተው ይሄዱና መስኮቱን ገፋ ያደርጉታል። «ንፋስ አለ!»

«አንቺ ሴትዮ! ያ ሁሉ ሆኖም አልተማርሽም?» ይጮኻሉ ጋሼ፣ መልሰው እየበረገዱት።

«አይ ሰው!» አልን እኛ። «አይለወጡም በቃ።» ጎረቤቴ «ይሄን ሰውዬ ሳይቀብሩ አይተዉም» ብላ መርፌዋን ነከሰች። እኔም ተናደድኩባቸው። ንዴት ያለበት ሰው ደግሞ ይቆጥራል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ። አራት ሰዓት ከሩብ፣ ዘጉ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ፣ ዘጉ። አምስት ከሩብ፣ ዘጉ። በየግማሽ ሰዓቱ ነው። ደግሞም አጥብቀው አይዘጉትም፤ ገፋ አድርገው ይቆማሉ። ቆመው የሚያዩት ገበሩን አይደለም፤ የጋሼን ፊትና እጅ ነው። ጋሼ ጮኸው ሲከፍቱት «ውሃህን ጠጣ!» ይሉና ወደ ጠረጴዛቸው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር ቅር የተሰኘ ሰው ላይ አታዩትም።

አንድ ቀን የተሰፋ ኮሌታ ላስረክባቸው ስሄድ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ክፍት አድርገው ለምን አይተዉትም?»

«ክፍት ከሆነማ በምን አውቃለሁ?»

«ምኑን?»

በጠመኔ የጀመሩትን መስመር ጨረሱ። «ያን ቀን ከምሳ በኋላ እኮ ዝም አለኝ» አሉ ከዚያ። «አንዴም ሳይሰድበኝ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ገበር ሳሰምር ነበር።» ኮሌታውን ገለበጡና አዩት። «ይሄ ጫፉ ጠሟል። ሂጂ ፍቺው።»

ባለፈው ሐሙስ እትዬ ንፋስአለ ቀሩ። እህታቸው ታማ ነው አሉ። የምንሰፋውን ረቡዕ ቆርጠውልን ሄደዋል። መስኮቱ እስከ ጥግ ተከፈተ፤ ቬንትሌተሩ ዞረ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ቀዝቃዛው ቀን ነበር። ጎረቤቴ «ነጻነት!» ብላ እጇን ዘረጋች። ግን ሥራው እንቢ አለን። ክር ይበጠሳል፤ መርፌ ይሰበራል። ሁላችንም በየደቂቃው ወደ ጋሼ ካውያ እናያለን። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ይተኩሳሉ። ዝም ብለዋል። ምን ያናግራቸዋል? የሚከለክላቸው የለም።

ሰዓቱን አየሁ። አራት ከሩብ ሆኗል።

ተነሣሁ። አሥራ ሦስት መኪና ባንዴ ቆመ። መስኮቱ ዘንድ ሄድኩና ገፋ አደረግኩት። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ሻርፕ እንኳ አላደረግሁም። «ንፋስ አለ!»

ጋሼ ካውያ ቀና አሉ። እኔም እንደ እትዬ ፊታቸውንና እጃቸውን አየሁ። ከዚያ ካውያቸውን ዱብ አድርገው አስቀመጡና በዚያ ረጅም እጃቸው መስኮቱን በርግደው፣ «አንቺም ጀመርሽ? እሷ ያስተማረችሽ ነው! ሂጂ ከዚህ!» ብለው ጮኹብኝ። ግንባራቸው በላብ ያብለጨልጫል።

«ውሃዎን ይጠጡ» አልኳቸውና ወደ ኮሌታዬ ተመለስኩ። ከኋላዬ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ሥራ ጀመሩ።